ኡመድ ያያት አጭር መስመር

ለደም ምርመራ በየሦስት ወሩ ጤና ጣቢያ መመላለስ ከጀመርኩ ወዲህ መርፌውን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ሽታውን ነው። ነርሷ ጥጡን ስፒሪት ነክራ ክንዴን ስትጠርገው እኔ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ልቤ ትቶኝ ይሄዳል። ሄዶ ሄዶ መስኮቷ በጥቁር ካርቶን የተደፈነ፣ የቆርቆሮ ጣሪያዋ በሙቀት የሚንጣጣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይገባል። እዚያ ክፍል ውስጥም ስፒሪት ይሸት ነበር። ፊልም የምንጠርገው በስፒሪትና በጥጥ ነበርና። ሽማግሌ ሰው ብዙ ነገር ይረሳል ይላሉ፤ እኔ ግን የደከመኝ ባለመርሳቴ ነው።

ጊዜው ክልል የሆንንበት ሰሞን ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ያኔ የነበርን ሰዎች የምናስታውሰው ቀኑን ሳይሆን የቀለሙን ሽታ ነው። ጋምቤላ መሃል ከተማ በየሳምንቱ አንድ ቤት ቀለም ይቀባና በሩ ላይ “ቢሮ” የሚል ሰሌዳ ይሰቀልበታል። ትናንት እህል የተከመረበት መጋዘን ዛሬ ጸሐፊ ይቀመጥበታል። የመምህራን ክፍላችን እየሳሳ ሄደ። ጂኦግራፊ የሚያስተምረው ጓደኛችን ዓርብ በሸራ ጫማ ከእኛ ጋር ሻይ ጠጥቶ፣ ሰኞ በሳፋሪ ልብስና በቆዳ ቦርሳ መጣ፤ እኛም ጠመኔያችንን እንደያዝን ብድግ ብለን ሰላም አልነው። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር። ክንድ የሚያህል የባሮ አሳ በሁለት ብር ይገዛ ነበር፤ ዛሬ በሁለት ብር አሳው የሚንጠለጠልበትን ፌስታል እንኳ የሚሰጥህ የለም። ከድልድዩ መግቢያ ላይ፣ አሁን ባጃጆች ተሰልፈው የሚጣሉበት ቦታ፣ ካሴት የሚቀዳ አንድ ሱቅ ነበር። ቴፑ የሚሠራው በመኪና ባትሪ ስለሆነ ወደ ማታ ባትሪው ሲደክም ዘፋኟ ድምፅዋ እየወፈረ ሄዶ ወንድ ትሆናለች። ሰው ሁሉ እየሳቀ ያልፋል። እኔም እስቅ ነበር፤ ያኔ መሳቅ አይከፈልበትም ነበር።

እኔ ከጎጃም የመጣሁ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ለሁለት ዓመት ተብዬ ተመድቤ ሦስተኛውን ይዤአለሁ። ሙቀቱ አንገቴን ይዞ ያንቀኛል፤ በልቤ አንድ ሐሳብ ብቻ ነው ያለው፤ አዲስ አበባ ተመልሶ ሁለተኛ ዲግሪ መማር። አንድ ክረምት ለእረፍት ስሄድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝን ሽማግሌ መምህሬን ልጠይቅ ገባሁ። ቢሮአቸው ጥግ ላይ የቆርቆሮ ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ በያንዳንዱ ጣሳ ውስጥ የተጠቀለለ ጥቁር ፊልም አለ። ከውጭ አገር ለምነው ያስመጡት ነበር። ፈረንጆቹ ወደ ኮምፒዩተር ዞረው ፊልሙን ትተውታል፤ መምህሬ ደግሞ የተተወ ነገር አይወዱም። “እነሱ ቸኩለው ያለፉት ይኖራል፤ በችኮላ የታየ ነገር በደንብ አይበጠርም፤ ተቀመጥ ላሳይህ” አሉኝ።

ያሳዩኝን እንደ እሳቸው አሳምሬ ባልናገርም ነገሩ እንዲህ ነው። ካዎን የሚባል ኢምንት ቅንጣት አለ። ዕድሜው ከዐይን ጥቅሻም እጅግ ያነሰ ነው፤ ወዲያው ይፈርሳል። በፈሳሽ በተሞላ ትልቅ ጋን ውስጥ ሲያልፍ የአረፋ ዱካ ይተዋል፤ ፊልሙ የዚያ ዱካ ፎቶግራፍ ነው። ካዎኑ ከግራ ይመጣል፣ እየደከመ ዱካው እየወፈረ ይቆማል፣ ከዚያ ይፈርስና ሌላ ቀጭን መስመር ይወጣል። ወደ ምን ወደ ምን እንደሚፈርስ ሕጉ ዝርዝሩን አስቀምጦታል፤ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ፣ አንዳንዴ እንዲያ እያለ። ከዝርዝሩ ግርጌ ግን ብርቅ የሆነ አንድ አፈራረስ አለ። አንዲት አጭር መስመር ብቻ ትወጣና፣ አጠገቧ ምንም ሳይኖር፣ የቀረውን ጉልበት የማይታይ ነገር ይዞት ይሄዳል። ይህ እጅግ ብርቅ ከመሆኑ የተነሳ በእኛ አምስት ጣሳ ፊልም ውስጥ ሊገኝ አይገባውም። እንግዲህ አንዲት እንኳ ብትገኝ ሕጉ ያልቆጠረው፣ ሰው ገና ስም ያላወጣለት ነገር አለ ማለት ነው። አዲስ ፊዚክስ የሚሉት ይኸው ነው። መምህሬ አምስቱን ጣሳ አስታቅፈውኝ ሲያበቁ፣ “የሁለት ሰው ዝርዝር አድርገህ አሟልተህ ላክልኝ፤ በደንብ ከተሠራ ረዳቴ አድርጌ እዚሁ አስገባሃለሁ” አሉ። ጣሳዎቹን ታቅፌ ጋምቤላ የወረድኩት የመውጫ ትኬቴን የታቀፍኩ መስሎኝ ነው።

የሁለት ሰው ዝርዝር የሚባለውን ላስረዳ፤ ነገሬ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ሰው ይደክማል፣ ያዛጋል፣ ይዘላል። ስለዚህ አንዱን ፊልም ሁለት ሰው ለየብቻው ያየዋል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያይም። መጨረሻ ላይ ዝርዝሮቹ ይተያያሉ። እኔ አይቼ እሱ የዘለለው ስንት ነው? እሱ አይቶ እኔ የዘለልኩትስ? ከሁለቱ ልዩነት ተነስቶ፣ ሁለታችንም የዘለልነው በግምት ስንት እንደሚሆን ይሰላል። እንግዲህ የሚፈለገው ስምምነታችን ብቻ አይደለም። ልዩነታችን ነው ቁም ነገሩ።

ሁለተኛው ሰው ኡመድ ሆነ። ኡመድ የትምህርት ቤቱ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበር፤ የጋምቤላ ልጅ፣ አኙዋ፣ በዕድሜ ከእኔ ሁለት ወይ ሦስት ዓመት ቢያንስ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ አንዲት ነጥብ ጎድላው ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ቀርቷል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ በደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ የሚሰካ፣ እሑድ እሑድ መካነ ኢየሱስ ሄዶ የሚዘምር ሰው ነው። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፤ “አንቱ” ማለትን አልለመደም፤ ሁላችንንም “አንተ” ነበር የሚለን። የደጋ ልጅ ነኝና መጀመሪያ ላይ ቅር ይለኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ አንቱ ባይ መሃል አክብሮት የሚባለውን ነገር በእውነት የያዘው እሱ እንደነበረ ያወቅሁት በቅርቡ ነው።

መብራት ቀን ቀን የለም፤ የከተማው ጄኔሬተር የሚነሳው ለማታ ነው። ፕሮጀክተሩን ያለ መብራት እንዴት እናሠራው ብዬ ሳምንት ተጨነቅሁ። መላውን የዘየደው ኡመድ ነው። “ቲቸር፣ ፀሐይ ሞልቷል። ፀሐይ ለምን አንጠቀምም?” አለኝ። ከፀጉር ቤት አሮጌ መስታወት ገዛን፤ ከውጭ በእንጨት ላይ አቆምነው። ካርቶኑ ላይ ቀዳዳ በሳን። መስታወቱ ፀሐይዋን ይቀበልና በቀዳዳው ወደ ውስጥ ይልካል፤ ጨረሩ በውኃ የተሞላ ብርጭቆ አልፎ፣ እንዳያቃጥል ትንሽ በርዶ፣ ፊልሙን ይመታል፤ በተሰበረ ፕሮጀክተር ሌንስ በኩል ነጭ በቀባነው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ያች ክፍል ውስጥ የመጀመሪያዋ ምስል ስትበራ ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ቀረን። ችግሩ ፀሐይዋ አትቆምም፤ በየጥቂቱ መስታወቱን የሚያዞር ሰው ውጭ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዳችን ውስጥ ስናይ ሌላችን ውጭ እናዞራለን፤ በማግስቱ እንለዋወጣለን። ሳናስበው ለየብቻ ማየታችን በዚያው ተጠበቀ። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት እንሠራለን፤ ከዚያ በላይ ሰው አይችለውም። ኡመድ ይቀልዳል፦ “ቲቸር፣ ውጭ ያለው ሰው ጥብስ ነው። ውስጥ ያለው ቅቅል። አንተ ዛሬ የትኛው ነህ?”

በጀመርን በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ርዕሰ መምህሩ ሊጎበኘን መጣ። ያን ቀን ኡመድ ነው ውስጥ የነበረው፤ እኔ ባለፈው ቀን ያየሁትን ፊልም ነው የሚያየው። በሩን ከፍቶ ላቡን እየጠረገ ወጣና፣ ደስ ብሎት፣ ርዕሰ መምህሩ ፊት፣ “ቲቸር! ትናንት አንተ የዘለልከው አንድ አግኝቻለሁ። ጠረጴዛው ላይ ካለው ወረቀትህ ላይ የለም” አለኝ። ርዕሰ መምህሩ ሳቅ አለ። እኔ ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። “እስክጠይቅህ ድረስ ያየኸውን አትንገረኝ! ወረቀቴንስ ማን እይ አለህ? አሁን ሄደህ መስታወትህን አዙር!” አልኩት። የተናገርኩት ሕግ ልክ ነበር፤ ያለ ጥያቄ መናገር አይገባም፣ ማየትም አይገባም። ቁጣው ግን የሕጉ አልነበረም። ቁጣው ሠራተኛን ማዘዝ የለመደ የቲቸር ቁጣ ነበር። ኡመድ፣ “እሺ ቲቸር። እስክትጠይቀኝ” ብሎ ሄዶ መስታወቱን አዞረ። ከዚያን ቀን ወዲያ ስለ ፊልሙ አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። እኔም ሥርዓት ያዘ ብዬ ደስ አለኝ። ወረቀቴን ግን እንደ ወትሮው ከውኃው ብርጭቆ ሥር እያስቀመጥኩ እሄድ ነበር። ከተቆጣሁት በኋላ መቆለፍ አሳፈረኝ፤ ጠረጠረኝ ይላል ብዬ ነው።

እንዲህ አንድ በጋ ሙሉ ሠራን። በከተማው እኛን በተመለከተ ያልተወራ የለም፤ ወርቅ የሚያሳይ ካርታ አግኝተዋል ያለም ነበር። አንድ ቀን ያ ሳፋሪ ለባሽ የቀድሞ ጂኦግራፊ መምህር መጣ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉትን መስመሮች ጎንበስ ብሎ አየና፣ “ይሄ ነገር ለክልሉ ምን ይጠቅማል?” አለኝ። የማይታይ ነገር መኖሩን ለማወቅ ነው አልኩት። “የማይታይ ነገርማ ቢሮአችን ሞልቷል፤ በጀቱም አይታይም” ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወደ ኡመድ ዞረ። “አንተ አሥራ ሁለተኛ ጨርሰሃል። ክልሉ የራሱን ልጆች ይፈልጋል። ና፣ ወንበር አለ።”

“ፊልሙ መጀመሪያ ያልቃል። ከዚያ እመጣለሁ” አለ ኡመድ።

“እስከዚያ ወንበሩ ያልቅብሃል።”

“እሺ። መሬት ላይ እቀመጣለሁ።”

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ደግሞ ሞኝ ነው፣ ወይም መሥሪያ ቤት መግባት ፈርቶ ነው ብዬ አሰብኩ። ለእኔ ሥራ ብሎ ወንበሩን እንደተወ አልገባኝም። እኔ የራሴን መውጫ ነበር የማየው፤ መውጫ የሚያይ ሰው አጠገቡ የቆመውን አያይም።

አምስተኛው ጣሳ ያለቀው ዝናቡ ሊጀምር ሲል ነው። ኡመድ ዝርዝሩን በጥሩ ወረቀት ገልብጦ፣ በማስመሪያ አስምሮ፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ከእኔ ዝርዝር ጎን አስቀምጬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። አንዱም አይለይም! የመጀመሪያው ያው፣ አሥረኛው ያው፣ የመጨረሻው ያው። እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ ጠርጥሬ ነበር። ፊዚክስ ተምሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ስምምነት እንደሌለ አውቃለሁ። ግን ደስታው በለጠ። ምንም አልዘለልኩም ማለት ነው አልኩ፤ ዐይኔ የማይስት ዐይን ነው አልኩ። ሆድ ያባውን ደስታ ያፍነዋል። “ኡመድ፣ ምን አየህ? እስቲ አንተ በራስህ መንገድ ንገረኝ” ማለት ነበረብኝ። አሥር ቃል አይሞላም። አላልኩም። ዝርዝሮቹን በፖስታ አሽጌ በሳምንቱ አውሮፕላን ላክሁ። ያን ሰሞን አዲስ አበባ የምለብሰውን ሹራብ ሁሉ ከሻንጣ አውጥቼ አስጥቼ ነበር።

መልሱ የመጣው ባሮ ከሞላ በኋላ ነው። የመምህሬ ደብዳቤ አጭር ነበር። “ልጄ፣ ሁለት ሰው እንዲህ አይስማማም። ባልና ሚስት እንኳ አይስማሙም። ከሁለት አንዳችሁ የሌላውን ገልብጣችኋል። ማን እንደሆነ አልጠይቅህም፤ ሥራው ግን ዋጋ የለውም። ቦታውን ለሌላ ሰጥቻለሁ።” ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ማንጎው ዛፍ ሄድኩ፤ መምህራኑ ሻይ የሚጠጡበት፣ ኡመድም ጥግ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ። ዛሬም ያ ማንጎ አለ፤ ግማሹ ደርቋል፤ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

“ገልባጭ!” አልኩት፣ ሁሉም እየሰማ። በትምህርት ቤት ከዚህ የሚከፋ ስድብ የለም። “ተማሪ ሲገለብጥ ስይዘው ወረቀቱን እቀድድበታለሁ። ያንተን ምን ልቅደድ? ሕይወቴን ነው ያበላሸኸው!”

ኡመድ ተነሳ። ሻዩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። “ቲቸር፣ ጠይቀኝ” አለ።

“ምን ልጠይቅህ?”

“ጠይቀኝ። ከዚያ እኔ እነግርሃለሁ።”

“ካንተ የምጠይቀው ምን አለኝ? ሂድ ከፊቴ!”

ኡመድ ከኪሱ የላቦራቶሪውን ቁልፍ አውጥቶ ከሻዩ ብርጭቆ ጎን አኖረና ሄደ። እኔም የማዝነው ለራሴ ስለነበር፣ ምን እንደተናገርኩ እንኳ በቅጡ አልሰማሁትም።

ቢሮ ሄዶ ወንበሩ አልቆ ነበር አሉ። ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆነ፤ በዚያው ጡረታ ወጣ። እኔም ከጋምቤላ አልወጣሁም። አንዴ ቅያሬ ጠየቅሁ፣ ተከለከልኩ፤ ከዚያ አገባሁ፣ ወለድኩ፤ ከዚያ መጠየቁም ታከተኝ። ፊልሞቹ ዕቃ ቤት ውስጥ በሙቀቱ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ጥቁር ሳሙና ጠጥረው ቀሩ፤ አንዱ ርዕሰ መምህር ከቆሻሻ ጋር አስወጣቸው። መምህሬ አረፉ። ኡመድንና እኔን ግን ያው ከተማ፣ ያው ድልድይ ያገናኘናል። ከተማው ስንት ነገር አየ፤ ስንት ጊዜ ሰው በየቤቱ ተከቶ ዋለ፤ ስንት ጊዜ ከወንዙ ማዶና ማዶ ሆኖ ተፈራርቶ ተያየ። በዚያ ሁሉ መሃል ድልድዩ ላይ ስንገጣጠም፣ “ቲቸር፣ ደህና ነህ?” ይለኛል። “ደህና” እለዋለሁ። ሰላምታውን ከጨረሰ በኋላ ትንሽ ቆም ይላል፤ ሁልጊዜ። ባርኔጣውን አውልቆ ይይዛል። እኔ ይቅርታ ሊጠይቅ ፈልጎ አፍሮ ነው እያልኩ አልፈው ነበር። ሠላሳ ዓመት ገደማ እንዲህ ተላለፍን። ባለፈው ዓመት መሞቱን ሰማሁ፤ ቀብሩ ላይ ቆሜ ተመለስኩ። ኩርፊያ ከሰውየው ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው ልመለስ። ባለፈው ተራዬ ደሜን የምትቀዳው ነርስ አዲስ ነበረች፤ ከትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ክሊኒክ ተዛውራ የመጣች። ካርዴን አነበበችና ቀና አለች። “ቲቸር ሙሉጌታ እርስዎ ነዎት? የፊዚክሱ? እኔ አሪየት ነኝ። የኡመድ ልጅ።” ጥጡ ክንዴ ላይ ነበር፤ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ። ነፍስ ይማር አልኩ። “አባባ የርስዎ የሆነ ደብተር አለው። ሳጥኑ ውስጥ ነው። ‘የቲቸር’ ብሎ ጽፎበታል። አመጣልዎታለሁ” አለችኝ። የእኔ ደብተር እሱ ዘንድ የለም ልላት ነበር፤ ሌላ በሽተኛ ገባ፣ ተነሳሁ።

በማግስቱ ደብተሩን በባጃጅ ላከችልኝ። ሽፋኑ የተላጠ፣ ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ነው። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። የኡመድ ጽሑፍ ነው፤ የዘመመ፣ ፊደሉ የሚዝረከረክ። የፊልሙ ቁጥር፣ የፎቶው ቁጥር፣ ያየው ነገር። ይሄ ንጹሕ የተገለበጠው አይደለም፤ ላብ የነጠበበት፣ በጨለማ የተጻፈ፣ እውነተኛው ነው። የራሴን ዝርዝር ከቁም ሳጥን ሥር ፈልጌ አወጣሁ፤ የማይረባ ነገር አልጥልም፣ ባለቤቴ በዚህ ትሰድበኛለች። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ ያኔ መሥራት የነበረብኝን ሥራ ሠራሁ። እኔ ያየሁትን እሱ አምስት ጊዜ ስቷል። እሱ ያየውን እኔ ዘጠኝ ጊዜ ዘልያለሁ። የቀረው ይገጥማል። ያማረ፣ ልክ የሆነ፣ የሁለት ሐቀኛ ሰዎች ዝርዝር ነበር። መምህሬ ቢያዩት እጄን ይዘው ያስገቡኝ ነበር። መውጫዬ በራሴ ስህተቶች ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያለ ስህተት ለመታየት ፈልጌ ነበር።

ከዘጠኙ አንዷ አራተኛው ጣሳ ላይ ናት። ኡመድ ከሥሯ አስምሮባታል። እንዲህ ይላል፦ “ካዎን መጣ። ቆመ። አንድ መስመር ብቻ ወጣ፤ በጣም አጭር። አጠገቡ ምንም የለም። ሁለት ቀን ደግሜ አየሁ፤ ምንም የለም። ቲቸር አላየውም።” ይኸው ነው። ጭረት ትሆናለች። አጠገቧ የነበረ ደብዛዛ ምልክት ሙቀቱ አጥፍቶት ይሆናል። ሐቀኛ ሰው የሚለው ይህንን ነው፤ ተማሪዎቼንም ያስተማርኩት ይህንን ነው። ግን ፊልሙ የለምና ሄጄ አላያትም፤ አይደለችም ማለትም አልችልም። ያች አጭር መስመር ከዓለም ሰው ሁሉ አንድ ሰው ብቻ አይቷት ነው የጠፋችው። በረንዳዬ ላይ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ ብል አላፍርም፤ ለመስመሯ ግን አልነበረም።

ሌሊቱን አንድ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። እሺ፣ የተላከውን ዝርዝር ለምን ከእኔ ጋር አስተካከለው? እውነተኛውንስ ያን ሁሉ ዓመት ይዞ ለምን ዝም አለኝ? ጠዋት ምርመራ ሳይኖረኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አሪየት ጓንቷን እያወለቀች ነበር። ጠየቅኋት።

“አባባ ነግሮኛል” አለች። “ወረቀቱ አዲስ አበባ ወደ ትልቁ አስተማሪዎ የሚሄድ ነበር አይደል? ሠራተኛው ያየውን ቲቸር አላየም ብሎ እዚያ መጻፍ ሰውን በአባቱ ፊት ማዋረድ ነው ይል ነበር። እኛ ጋ እንደዚያ አይደረግም። ስለዚህ ለመላክ የሚያምረውን ጻፈ። ትክክለኛውን ለርስዎ አስቀመጠ።”

“ታዲያ ለምን አልሰጠኝም? በየጊዜው እንገናኝ ነበር። ድልድዩ ላይ፣ ገበያ ውስጥ...”

አሪየት ነገሩ ግልጽ የሆነ ያህል አየችኝ።

“እስክጠይቅህ አትንገረኝ ብለውት አልነበር? እናቴ ‘ሂድና ስጠው’ ስትለው ይቆጣ ነበር። ‘ቲቸር ሕግ ያውቃል፤ አንድ ቀን ይጠይቀኛል’ ይላል። ታሞ በተኛበት ጊዜ እንኳ በር ሲንኳኳ ‘ቲቸር ነው?’ ይል ነበር።”

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፊቴን አይታ ደነገጠችና ግፊቴን ልለካ አለች፤ እጅጌዬን ራሷ ሰበሰበችልኝ። እኔም እንደተባልኩት ክንዴን ዘረጋሁላት።